ጀርባውን ገልብጡት፦ የተረሱ የገና ሸክላዎችን ከነእንግዶቻቸው ማግኛ

የፈረንጆቹ ገና ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ገብቼ መደርደሪያው ሥር ተንበረከክሁ። ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ፣ ሁሉም የገና። አንዱን መዝዤ ሳወጣ ሽፋኑ ላይ የመኪና ጎማ አምራች ስም አየሁ። ጎማ! የገና መዝሙርና ጎማ ምን አገናኛቸው ብዬ ትንንሾቹን ፊደላት ማንበብ ጀመርኩ። ጁሊ አንድሩስ አለች። ቪክ ዳሞን አለ። ዶሮቲ ከርስተን የምትባለው የኦፔራ ዘፋኝም አለች። ዋጋው 1 ዶላር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆኖብኛል። አንድ ሁለት ሸክላ ገድዬ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ጊዜውን ጠብቁ

ከዲሴምበር 25 በፊት አትግዙ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የገና ዕቃ ይፈልጋል፣ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በማግስቱ ግን ያው ሸክላ ቦታ የያዘ ትርፍ ዕቃ ይሆናል። እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን። እነሱ ዛፉን አውጥተው መንገድ ዳር ሲጥሉ፣ እኛ ገና ለገና ዶሮ እያጠያየቅን ነው። በርካሽ ገዝቶ ለጃንዋሪ 7 ለማድረስ በቂ ጊዜ አለ።

አሜሪካ ያላችሁ ጉድዊልንና ሳልቬሽን አርሚን የመሳሰሉ መደብሮችን እዩ። የቤተ ክርስቲያን ባዛርም አይናቅም። ከሁሉም የሚሻለኝ ግን የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ነው፣ እነሱ ኢስቴት ሴል የሚሉት። አንድ ቤተሰብ ለ40 ዓመት ምድር ቤት ያስቀመጠውን ሳይነካ ታገኙታላችሁ። በመጨረሻው ቀን ዋጋው ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። ስትገቡ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የሰው ቤት ነው፣ ልጆቹም አንዳንዴ እዚያው ቆመው ያያሉ።

ሁለተኛ፦ ፊቱን ተዉት፣ ጀርባውን አንብቡ

የሽፋኑ ፊት የተሠራው ለመሸጥ ነው። በረዶ፣ ሻማ፣ ቀይ ሪባን፣ አንድ ትልቅ ስም። እንግዶቹ፣ ማለትም በእንግድነት የዘፈኑት ሌሎቹ፣ ያሉት ጀርባው ላይ፣ በትንሹ ፊደል ነው። ስለዚህ ሸክላ ስታነሱ ወዲያው ገልብጡት።

የጎማዎቹን ነገር ላስረዳ። ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ በ1961 የገና ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ሸክላው የሚሸጠው ጎማ በሚሸጥበት ሱቅ ነው፣ በ1 ዶላር። እስከ 1977 በየዓመቱ ቀጠለ። ተፎካካሪው ፋየርስቶንም በ1962 የራሱን ይዞ መጣ። ዘዴዋ ቀላል ናት። ሰው ጎማው እስኪፈነዳ ወደ ጎማ ሱቅ አይሄድም፤ በ1 ዶላር ታዋቂ ዘፋኞች ከተሰጡት ግን ሰተት ብሎ ይገባል። እግረ መንገዱንም የጎማ ዋጋ ይጠይቃል።

አንዳንዱ ዘፈን ከሌላ አልበም የተለቀመ ነው። አንዳንዱ ግን ለዚያው ለጎማው ሸክላ ተብሎ የተቀረጸ ነው። ጁሊ አንድሩስ ከአንድሬ ፕሬቪን ኦርኬስትራ ጋር የሠራችው የፋየርስቶን አምስተኛ ቅጽ በ1966 ወጣ፤ ቆይቶ አርሲኤ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በሌላ ስምና በሌላ ሽፋን አሳትሞታል። ሁለቱን ለየብቻ ከፍዬ የገዛሁ ጅል አለሁላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የዘፈኖቹን ዝርዝር ቤት ካለው ጋር አመሳክሩ።

እነዚህ የጎማ ሸክላዎች በገፍ የታተሙ ስለሆኑ ዛሬም በገፍ አሉ። «ብርቅዬ» ብሎ 20 ዶላር የሚጠራ ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። እኔ ከ3 ዶላር በላይ ከፍዬ አላውቅም።

ስም ስታነቡ ሌላም ነገር አስቡ፤ ሰውየው በዚያን ጊዜ በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል። የኔ ምርጥ ምሳሌ በ1980 የወጣው የስታር ዎርስ የገና አልበም ነው። አዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ። የወርቃማውን ሮቦት ድምፅ የሚሠራው አንቶኒ ዳንኤልስ ይዘፍንበታል። ጀርባውን ካነበባችሁ ጆን ቦንጆቪ የሚል ስም ታገኛላችሁ፤ የቤተሰብ ስሙ እንደ ጣሊያኖቹ ረዘም ብሎ ነው የተጻፈው። ኒው ዮርክ ውስጥ ፓወር ስቴሽን በተባለው የዘመዱ ስቱዲዮ የሚላላክ ልጅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለም ጆን ቦን ጆቪ ብሎ አወቀው። በሙያው የተቀረጸ የመጀመሪያ ድምፁ ይኸው ለአንድ ትንሽ ሮቦት የተዘፈነ የገና ዘፈን ነው። ሽፋኑ ፊት ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ሦስተኛ፦ እዚያው ቆማችሁ መርምሩ

ሸክላውን ከሽፋኑ አውጡ። አታፍሩ፣ ሁሉም ያወጣል። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ያዙ፣ መስመሮቹን በጣት አትንኩ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሸክላውን ዘንበል አድርጉት። በዓይን የሚታይ ጭረት ሁሉ በጆሮ አይሰማም። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዝ ጭረት ግን ይሰማል፤ መርፌውን አንድ ቦታ ላይ ያዘልለዋል፣ ወይም እየመለሰ ያንኑ ቃል ያስደግመዋል።

ቀጥሎ በዓይናችሁ ትክክል አድርጋችሁ ከጠርዙ እዩት። እንደ ሰፌድ ከተወላገደ ተዉት። አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ሽፋኑን ሳይሆን ሸክላውን ብቻ ነው ወደ ቤት የምታስገቡት፤ ሻጋታ ወደ ሌላው ይዛመታል።

ከዚያ የምትረሳው ነገር፦ ውስጥ ያለው ሸክላ የሽፋኑ መሆኑን አረጋግጡ። የገና ሸክላ በድግስ መሃል የሚጫወት ስለሆነ ከሁሉም በላይ የተቀያየረ እሱ ነው። እኔ አንዴ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢንግ ክሮዝቢ ነው ብዬ ይዤ የሄድኩት ውስጡ የሃዋይ ዳንስ ማስተማሪያ ሆኖ ተገኘ።

አራተኛ፦ የተጫረውን ቁጥር አንብቡ

የሸክላው መታወቂያ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ መሃሉ ላይ ያለው የወረቀት ክብ ነው፤ የኩባንያው ስምና ቁጥር አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ ከወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረ ወይም የታተመ ቁጥር ነው። እሱን ለማየት መብራቱን በጎን ያዙት። ሽፋን ይቀያየራል፣ ወረቀትም በሌላ ዘመን እንደገና ይታተማል፤ የተጫረው ግን የትኛው ቅጂ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱን ቁጥሮች ዲስኮግስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞሩት አሮጌዎቹ፣ ማለትም ለ78 ዙሮቹ ደግሞ በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የአሜሪካ ታሪካዊ ቅጂዎች መዝገብ አለ፤ በነጻ ነው፣ የተቀረጸበትን ቀን ሳይቀር ይሰጣችኋል።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? አንድ ምሳሌ ልስጥ። የቢንግ ክሮዝቢ «ኋይት ክሪስማስ» በሜይ 29፣ 1942 ተቀረጸ። ከብዙ መታተም የተነሳ ዋናው ቅርጽ አለቀ። ስለዚህ በማርች 1947 ሰውየው ተመልሶ እንደገና ዘፈነው፤ ያው ኦርኬስትራ፣ ያው አጃቢ ዘማሪዎች ተጠርተው። ዛሬ ሬዲዮ ላይ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው። መለየት ከፈለጋችሁ መግቢያውን ስሙ፤ በ1947ቱ ላይ ዋሽንትና እንደ ትንሽ ደወል የሚጠራ ቸለስታ ተጨምሯል። መግቢያው ላይ እነሱ ከሌሉ የመጀመሪያውን ይዛችኋል ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንዱን ለጎረቤት ከሰጠሁ በኋላ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የትኛውን እንደሰጠሁ አልናገርም።

ይኸው ክሮዝቢ በ1945 ያወጣው የገና «አልበም» የእውነት አልበም ነበር። እንደ ፎቶ አልበም የሚገለጥ፣ አምስት ሸክላ የሚይዝ ደብተር። አንድሩስ ሲስተርስ የተባሉት ሦስት እህትማማቾች በእንግድነት አሉበት። እንዲህ ያለው ሲገኝ ኪሶቹን ቁጠሩ፤ አራት ሸክላ ብቻ ካለ አምስተኛው በአንድ ሰው ገና ላይ ተሰብሯል።

በአሮጌዎቹ መካከል «ቪ-ዲስክ» የሚል ወረቀት ካያችሁ ቀልባችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ከ1943 እስከ 1949 ለአሜሪካ ወታደሮች ብቻ የታተሙ ናቸው። ዘፋኙ ከመዝፈኑ በፊት ለወታደሩ በራሱ አንደበት የሚናገርባቸው አሉ፣ ውበታቸውም እሱ ነው። የጦሩ ሬዲዮ ደግሞ ወርዳቸው 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልልቅ ሸክላዎች ነበሩት። ፕሮግራሙ ተቀርጾባቸው በየአገሩ ወዳሉ ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። አስመራ ቃኘው ጣቢያም የዚሁ የጦር ሬዲዮ ስርጭት ነበረው፤ በዘመኑ ያደጉ ሰዎች የአሜሪካ ዘፈን የለመዱት ከዚያ ነው ይላሉ። እነዚህን ትልልቆቹን ቤት ያለው ማጫወቻ አይችላቸውም። ካገኛችሁ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለባለሙያ አሳዩ።

አምስተኛ፦ ማጠብ

ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ ለተሠሩት ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ሊትር ያህል፣ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሁለት ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፣ ስለዚህ አይሆንም። በጨርቁ የመስመሩን ዙር ተከትላችሁ ጥረጉ። ከመሃል ወደ ውጭ አትሳቡ። ወረቀቱን አታርጥቡ። በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ድገሙት። በሁለተኛው ጨርቅ አድርቁና እንደ ሰሃን አቁሙት።

አሁን ማስጠንቀቂያዬ። ከባድ፣ ሲመቱት እንደ ሰሃን የሚጮህ፣ ሲወድቅ የሚሰባበር ሸክላ ካያችሁ እሱ ሼላክ ነው፤ 78 ዙሮቹ አብዛኞቹ ከሱ የተሠሩ ናቸው። ሼላክ የነፍሳት ሙጫ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ በቪኒል የለመድኩትን አልኮል ያለበት ፈሳሽ ጨርቅ ላይ አድርጌ አንዱን ጠረግሁት። ጨርቁ ጠቆረ። ደስ አለኝ፣ እንዴት ያለ ቆሻሻ ወጣ ብዬ። ሁለተኛ ስጠርገው ጣቴ ተጣበቀ። ቆሻሻ አልነበረም፣ ሙዚቃው ነበር። ሼላክን በለዘዘ ውሃና በጠብታ ሳሙና ፈጠን አድርጋችሁ እጠቡና ወዲያው አድርቁ።

ስድስተኛ፦ ማጫወት

33⅓ ዙር ትልቁ ኤልፒ ነው፣ ከ1948 ጀምሮ። 45 ዙር ትንሿ ናት፣ ከ1949 ጀምሮ። አገራችን በ1960ዎቹ ማብቂያ የታተሙት የአማርኛ ዘፈኖች በብዛት በዚህችኛዋ የወጡ ናቸው፣ ስለዚህ እናቶቻችን ቤት የምናውቃት እሷን ነው።

78 ዙር ግን ሌላ መርፌ ይፈልጋል። መስመሩ ሰፊ ነው። የኤልፒ መርፌ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ሳይነካ ታች ይወርድና ቆሻሻውን ያጫውታል። የ78 መርፌ ጫፉ በሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ለብዙ ማጫወቻዎች ለብቻው ይሸጣል። በሻንጣ የሚመጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ግን ክንዳቸው ስለሚከብድ ብርቅ ነገር አላስነካቸውም።

እንደ ወረቀት የምትታጠፈዋ ስስ ሸክላም አለች፣ ፍሌክሲ ትባላለች። ቢትልሶች ከ1963 እስከ 1969 በየገናው ለእንግሊዝ አድናቂዎቻቸው ክበብ አባላት የገና መልእክት በነጻ ይልኩ የነበረው በሷ ነው። ዘፈን ሳይሆን ቀልድና ጫጫታ ይበዛባታል። በ1968ቷ ላይ ታይኒ ቲም የተባለው፣ ዩኩሌሌ ይዞ በቀጭን ድምፅ የሚዘፍነው አሜሪካዊ እንግዳ ሆኖ መጥቶ የራሳቸውን ዘፈን ይዘፍንላቸዋል። ዋናዋ ውድ ናት፤ በ2017 እንደገና የታተመችውን ብትፈልጉ ይሻላል። ፍሌክሲ ስትንሸራተትባችሁ ከሥሯ ጠንካራ ሸክላ አድርጉ። አሁንም ካልጸናች ወረቀቱ ላይ፣ ከመሃሉ አጠገብ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳቅ ያስመጣል፣ ግን ይሠራል።

ሰባተኛ፦ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት

ማጫወቻው የራሱ ፕሪአምፕ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ከሌለው አንድ ግዙ፤ ያለሱ ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ከዚያ ኦዳሲቲ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ። ትልቁ ድምፅ ከጣራው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉ። ሳታቋርጡ ሙሉውን ገጽ ቅዱ፣ በኋላ ትቆርጣላችሁ። በኤምፒ3 ሳይሆን ከድምፁ ምንም በማይጥሉት በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጡ።

ሁለት ዘዴ ልጨምር። ማጫወቻችሁ 78 ዙር ከሌለው፣ ትክክለኛውን መርፌ አድርጋችሁ በ45 ቅዱትና ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነቱን ወደ 78 ቀይሩ፤ ምርጫው እዚያው ተዘጋጅቶ አለ። ሸክላው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ) ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኙን ወደ አንድ አዋህዱ። ጭርጭርታው ወዲያው ይቀንሳል። ጫጫታ ማጥፊያውን ግን በልክ። አብዝታችሁት ዘፋኙ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ሲዘፍን ሰምቻለሁ።

ቅጂው ለራሳችሁ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ አትጫኑት። በአሜሪካ ሕግ ከ1957 እስከ 1972 መጀመሪያ የተቀረጸ ድምፅ እስከ 2067 ባለቤት አለው።

ስምንተኛ፦ ሁለተኛውን ገጽ አጫውቱ

እንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ሴፕቴምበር 11፣ 1977 ለንደን አቅራቢያ ወዳለው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ሄደ። የቢንግ ክሮዝቢ የቴሌቪዥን የገና ዝግጅት እንግዳ ነበር። የቀረበለትን የከበሮ ልጅ ዘፈን አልወደደውም። የዝግጅቱ ሰዎች ቁጭ ብለው በአንድ ሰዓት ገደማ ሌላ ዜማ ጻፉለት፤ ሽማግሌው የቀድሞውን ሲዘፍን እሱ አዲሱን ከላይ ያወርድበታል። ክሮዝቢ ከወር በኋላ ሞተ። ቅጂው በ45 ዙር ሸክላ የወጣው በ1982 ነው። ይህችን ሸክላ በቀላሉ ታገኟታላችሁ፣ ግዟት።

ቦዊ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ የገና ሸክላ ላይ ብቅ ይላል። ይህኛው እኛን ይመለከታል። ኦክቶበር 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ረሃብ እንግሊዝን አስደነገጠ። ኖቬምበር 25 ላይ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የሰበሰቧቸው ዘፋኞች ባንድ ኤይድ ተብለው ለንደን ውስጥ ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ገቡ። የባንድ ኤይድን ዘፈን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ርዕሱም ያናድደናል። ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የኮረምን ሰው ነው። ከኮረም ላሊበላ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም! ከሸክላው በተሰበሰበው ገንዘብ የተላከው እህል ግን የሰው ነፍስ አድኗል። ሁለቱም እውነት ነው፣ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የማጫውተው።

የተረሳው ግን ሁለተኛው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ያው ሙዚቃ ይቀጥልና ዝነኞቹ አይዘፍኑም፣ ይናገራሉ። በቀረጻው ቀን መምጣት ያልቻሉት ቦዊና ፖል ማካርትኒ ድምፃቸው የሚሰማው እዚህ ነው። ፈልጉ፣ ብዙ ታትሟል፣ ርካሽ ነው።

ባለፈው ገና አክስቴ ቡና እያፈላች ይህን ገጽ አስቀመጥኩት። በ77ቱ ድርቅ (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወሎ ነበረች። መሃሉ ላይ «ምንድን ነው የሚያወሩት?» አለች። መልካም በዓል እያሉ ነው፣ ስለ ረሃቡም ያስታውሳሉ አልኳት። «ለማን?» አለች። ለሰው ሁሉ አልኳት። ትንሽ አዳመጠችና «ድምፁን ቀንሰው፣ ሁለተኛው ሊቀዳ ነው» አለች።

ስትጨርሱ ሸክላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አትደራርቡት። ከማሞቂያ አርቁት። ሽፋኑ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ክተቱ፤ የት እንደተገዛ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የማን ድምፅ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ። የኔዋ ወረቀት ላይ «ሁለተኛ ገጽ፣ ቦዊና ማካርትኒ፤ አክስቴ ድምፁን አስቀነሰችኝ» የሚል ሰፍሯል።